ከጥፍር ቀለሙ ሥር

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደ ልማዴ ቀልጄ ልጀምርልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀልዱ እንቢ አለኝ። የውድድር ብስክሌትህን አገኘኋት።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት መስኮት ላይ ተሰቅላ አየኋት። ጎማዎቿ ረግበዋል፣ ሰንሰለቷ ዝጓል። ያንተ መሆኗን ያወቅሁት ከመሪው ሥር ባለው ቱቦ ላይ፣ ከሌላው ደመቅ ባለች ቀይ ነጥብ ነው። እሷን የቀባኋት እኔ ነኝ፣ በራሴ የጥፍር ቀለም።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ሳጥባት ፀጉር የምታህል መስመር አይቼ ነበር። "ጭረት ናት" አልኩ ለራሴ። ብነግርህ አትወዳደርም፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ለዚያ ቀን ነበር የኖርከው። ቀባሁባትና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በማግስቱ ቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ወደቅህ። ሆስፒታል ተኝተህ "እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፍጥነት አልቀነስኩም" ስትለኝ፣ "አይዞህ" ብዬ ትራስህን አስተካከልኩልህ። ብስክሌቷን ማንም ሳይመረምራት ብዬ ለመጀመሪያው ጠያቂ ሸጥኳት። እያነከስክ ከተማውን ለቀህ ስትሄድም ዝም አልኩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት!

ሻጩን ዋጋ ስጠይቀው፣ "ቅዳሜ አንድ አባት ለሴት ልጁ ሊወስዳት ነው፤ እሽቅድምድም ልትጀምር ነው አሉ። ከቀደምሽ ግን ያንቺ ናት" አለኝ።

በዚያ መስኮት ፊት ስመላለስ ሰነበትኩ። ብገዛት ቀለሙን ፍቄ ማየት ሊኖርብኝ ነው። ባልገዛት ያቺ ልጅ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ዓርብ ገዛኋትና በቀጥታ በያጅ ዘንድ ወሰድኳት።

ቀለሙን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ጭረት አይደለም። ቱቦው ውስጥ ድረስ የዘለቀ ስንጥቅ ነው።

"በዚህች ብስክሌት ቁልቁለት የወረደ ሰው መሪው እሺ አይለውም" አለ።

ያገኘሁት ዱካ ላይ ዘጭ አልኩ። እሱ ለብስክሌቷ ያዘንኩ መስሎት፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ቱቦውን ቀይሬ፣ ቀለም ቀብቼ እንደ አዲስ አደርግልሻለሁ። ማንም አያውቅም" አለኝ።

ማንም አያውቅም! እውነቱን ልንገርህ፣ አፌ "እሺ" ሊል ምንም አልቀረውም። አሳድሼ ስጦታ ብዬ ብልክልህ ደስ ይልህ ነበር፣ ታመሰግነኝም ነበር። ይህን ማሰቤ ከስንጥቁ ይበልጥ አስፈራኝ። "አይነካ" ብዬው እንዳለች ይዣት ወጣሁ።

አሁን ሳሎን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አላሳድሳትም። መጥተህ ስንጥቁን በጣትህ ልትነካው ትችላለህ፤ አልመጣም ካልክም መብትህ ነው። ይህን ካነበብክ በኋላ እትዬ ብለህ መጥራትህን እንዳትተው መፍራት አልቀረልኝም። ይልቁንም ሐሳቤን ቀይሬ ደብዳቤውን እንዳልቀደው ፈርቼ፣ ጫማዬን አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ እንደጨረስኩ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ። ስመለስ ለእናታችን እነግራታለሁ።

ኩርባው ላይ ያጠፋኸው አንዳች ነገር የለም፣ ወንድምዓለም። በደንብ ነበር የነዳኸው።

አሁንም ከፈቀድክልኝ፣
እህትህ