ጄኔራሉ ከመድፉ ሲተርፍ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ዲላ

ዛሬ ጌታ ከጉድ አወጣኝ። አማቼ ከወርቃ ከተማ ሊጠይቁን መጡ። የማታ ትምህርት ጨርሼ አንባቢ መሆኔን በየደረስኩበት ስለለፈፍኩ፣ ገና ሳይቀመጡ "እስቲ አንብብልኝ" አሉ። እኔም መጽሐፌን ከፍቼ፣ አየርላንድ የተወለደውን የእንግሊዝ ጄኔራል ታሪክ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ አንቆረቆርኩት። ያንን ገጽ ግን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ።

አማቼ መች ይሸወዳሉ! "አንተ ለፍላፊ፣ ዓይንህ እኮ እኔን ነው የሚያየው። ገልብጥና ቀጣዩን በል!" አሉኝ። ሚስቴ አስቴር አንገቷን ደፋች።

የማውቀው ገጽ ጄኔራሉን መድፍ ፊት አቁሞ ነው የሚያልቀው። ላብ በላብ ሆኜ፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ ለቀምኩ። ሰውዬው ቆሰለ፤ ዳነ፤ ከሠራዊቱ ወጥቶ ፓርላማ ገባ። "እሰይ፣ ተርፏል!" ብዬ ጮህኩ። ማንም ሳይነግረኝ ከወረቀት ያገኘሁት የመጀመሪያ ወሬዬ ነው።

አማቼ በርጩማቸውን አስጠጉ። "ፓርላማ ገብቶስ ምን አደረገ?"

"ቆዩ እንጂ አባባ፣ ገና እዚያ አልደረስኩም!"

ስለ ሽምደዳው ዳግም አላነሱም። ነገ ይሄዳሉ ብለን ነበር። የጄኔራሉን መጨረሻ ሳልሰማ አልነቃነቅም ብለዋል፤ የቀረው ደግሞ ስድስት ገጽ ነው...