ሻይ የሚቀዳው የብረት ክንድ

ውድ ሮዛሊንድ፣ ባሕር ማዶ እንዴት ሰነበትሽልን? እኛ ሼፊልድ ደህና ነን።

እያፈርኩ ነው የምጽፍልሽ። ቅዳሜ በቴሌቪዥን የቀጥታ ስርጭት መሀል ዘልዬ ገብቼ የአቅራቢዋን ጉልበት በሻርፔ ጠረግሁላት። ወንድምሽ ክላይቭ ሮቦቱን ለሕዝብ እያሳየ ነበር፤ እሱ ጓንት አጥልቆ እጁን ሲያንቀሳቅስ የብረቱ ክንድ እየተከተለው ሻይ ይቀዳል። ሻዩ አቅራቢዋ ላይ ተደፋ።

«ፕሮፌሰር፣ ሮቦትዎ እኔን ሲያይ ተንቀጠቀጠ እኮ» አለችው።

«ቆንጆ አይቶ አያውቅም፤ ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አለ እየሳቀ።

ሰኞ ተማሪዎቹ ሦስት ጊዜ ፈተሹት፤ ማሽኑ ምንም ጉድለት የለበትም። ክላይቭ አሁንም ማሽኑን ይወቅሳል። ቤት ውስጥ ሻይ መቅዳቱን ግን ለኔ ትቶልኛል።

ለመሆኑ አባታችሁ ስኒውን በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር?

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለክላይቭ ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤለታለሁ፤ እሱ ገና አያውቅም። የሚሉንን በዚያው ዕለት እጽፍልሻለሁ።

የወንድምሽ ሚስት፣ ሂላሪ