መንገድ የከፈተው ጉልበት

እትዬ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ደም ግፊትሽስ? መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትውጪው ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ፤ መቼም አትሰሚኝ። ልጅሽ ዶርሲ እንዴት ሰነበተ? ትንሹ ኤሚትስ ከስልኩ ቀና ብሎ ያውቃል? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

ባለፈው እሁድ ከቤትሽ የወጣሁት እንደ ሌባ ነው። የጠበስሽውን ዓሣ ሁለቴ አስጨምሬ፣ የበቆሎ ዳቦሽን ጨርሼ፣ የመጣሁበትን ሳልናገር ሹልክ አልኩ። አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ፣ የእኔ ሥራ ለኮሌጁ የፉትቦል ቡድን ልጅ ለመመልመል የእናቶች ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት የሚሲሲፒ እናት ቤት ገብቼ፣ ያቀረበችልኝን በልቼ፣ «ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማየው» ብያለሁ! ያንቺ ሶፋ ላይ ግን ምላሴ ታሰረ።

አንቺም ገብቶሻል መሰለኝ፣ ሳህን እያጠብሽ፣ ዞር እንኳ ሳትዪ፣ «እንደ አሰልጣኝ ሳይሆን እንደ ወንድሜ ንገረኝ። ኤሚት እናንተ ኮሌጅ ቢገባ ይሻለዋል ወይ? ከጃቫሪስ ወዲህ እዚያ የገባ ሁሉ ያልፍለታል ይላል» አልሽኝ። እጽፍልሻለሁ ስልሽ ደግሞ፣ «አጠገቤ ቆመህ? ፖስታ ቤቱ ምን ቸገረው!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ረቡዕ ልጆቹ ለኮሌጅ ቡድን የሚፈርሙበት ቀን ነው፣ የኤሚትን ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ትቼዋለሁ። ሳይፈረም ደብዳቤው ይደርስሽ ዘንድ ነው የምቸኩለው።

የጃቫሪስን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። ካቻምና ሚያዝያ፣ ትልልቆቹ ክለቦች ከየኮሌጁ ልጅ የሚመርጡ ዕለት፣ እናቱ ቤት ነበርኩ። ዋናው አሰልጣኛችን ብራንስኮም በጠዋት ደውሎ፣ «የኮሌጁን ሸሚዝ ልበስ፤ ከእናትየው በስተቀኝ ተቀመጥ፤ ካሜራው በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። የልጁ ስም አሥራ አንደኛ ሆኖ ሲጠራ ቤቱ ሊፈርስ! እናትየው አንገቴን አንቃ አለቀሰች፤ የባርኔጣዋ ጠርዝ ዓይኔን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። እኔም አለቀስኩ፣ የምሬን።

ከማግስቱ ጀምሮ ስልኬ አላርፍ አለ። ከአላባማ፣ ከሉዊዚያና፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው መንደር ሁሉ ልጆች ይደውላሉ፤ «ጃቫሪስ የወጣበት ነው?» ይላሉ። ፎቶውን ከበሩ አስበልጠን ሰቀልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጨዋታ ቀን፣ ሰው ይናፍቅ የነበረው መቀመጫ ሞላ። ለኮሌጁ በጀው ወይ ብትዪኝ፣ አዎ በጅቶታል፣ አልዋሽሽም።

ግን የመጡት ሁሉ ጃቫሪስን መሆን ነው የሚፈልጉት። ሁሉም ኳሷን ታቅፎ መሮጥ ነው ያማረው። እንደ ዶርሲ ከፊት ተሰልፎ፣ እየተጋፋ፣ ለሌላው መንገድ የሚከፍት ከየት ይምጣ? አንዱን ግዙፍ ልጅ «አንተ ከፊት ሁን» ስለው፣ «አሰልጣኝ፣ የከፋቾቹ ፎቶ የት ነው የተሰቀለው?» አይለኝም መሰለሽ! ጎበዝ ጎበዞቹ ደግሞ አንድ ዓመት ተጫውተው ስማቸው መጠራት ሲጀምር ወደ ትልቁ ኮሌጅ ይዛወራሉ። ባለፈው መኸር ከአሥራ ሁለት ጨዋታ ያሸነፍነው አራት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እውነት ነው፤ ወርቁ የልጁ ነበር፣ ይዞት ሄደ።

ይሄ ሁሉ ግን ወሬ ነው እትዬ። ዋናውን ነገር እየሸሸሁት ነው።

ዶርሲ ጉልበቱ ማበጡን ደብቆ ተጫውቶ ነው የተጎዳው ብለን ነበር የነገርንሽ። እሱም እንደዚያው አለሽ። ሆስፒታል ውስጥ «ግትር! የአባቱ ልጅ! አጎትህ እዚያው ቆሞ ምናለ ብትነግረው?» እያልሽ ስትቆጪው፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

አልደበቀም። ነግሮኛል።

ቡድኑ ውስጥ ሲገባ፣ «ሜዳ ላይ አጎት የሚባል ነገር የለም። አሰልጣኝ በለኝ፤ ያደላለታል እንዳይሉን» ብዬው ነበር። ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተም። በዚያ በመጨረሻው ጨዋታ፣ በእረፍት ሰዓት፣ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አጎቴ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለኝ። አጎቴ ነው ያለኝ። የክለቦቹ መልማዮች ደግሞ ጃቫሪስን ሊያዩ መጥተው ከላይ ተመልካቹ መሃል ተደርድረዋል። ከፊቱ ዶርሲ ከሌለ ጃቫሪስ አሥር እርምጃ እንደማይሮጥ ሁላችንም እናውቃለን። «እዚህ አጎት የለም፤ ግባ» አልኩት።

ገባ። መንገዱንም ከፈተ። ጃቫሪስ በዚያ በኩል ሾልኮ ስድሳ እርምጃ ሮጦ መጨረሻው መስመር ደረሰ፤ ሕዝቡ አበደ። ዶርሲ ከኋላ መሬት ላይ ቀርቷል። እኔ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እጄን አንስቼ ከሕዝቡ ጋር እጮህ ነበር። ልጁን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በምርጫው ቀን ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ያሳየው ያችን ሩጫ ነው። የጃቫሪስ እናት ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልቆጠርኩም። ካሜራው ሯጩን ይከተላል፤ ዶርሲ ሲወድቅ አይታይም።

ሆስፒታል ስገባ ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እማዬን እኔ ደበቅኩ እላታለሁ፤ አንተን አጥታ አትችለውም» አለኝ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ! አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ፤ ደስም አለኝ፣ እሱን ነው እስካሁን ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

አሁን ብራንስኮም «የእህትህን ልጅ ካላመጣህ ማንን ልታመጣ ነው?» ይለኛል። ኤሚት በቁመቱም በትከሻውም ወንድሙን ነው፤ እዚህ ቢመጣ የሚሰለፈው ወንድሙ የቆመበት ቦታ ነው። እንደ ወንድሜ ንገረኝ አላልሽኝም? ይኸው፦ አታስፈርሚው። አብዝቶ ቢያለቅስም፣ አጎቴ ጠላኝ ቢልም አታስፈርሚው። ያ ትንሹ ኮሌጅ፣ ባለፈው የጻፈለት፣ ይሻለዋል።

ይህን ለዶርሲም አንብቢለት። ለእኔ ብሎ የደበቀውን ስላወጣሁበት ይቆጣኝ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ልጆችሽን ከክፉ ሰውና ከመልካም መሳይ ሰው ይጠብቅልሽ። ለመልሱ አትቸኩዪ፣ ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ አልወጣም፣ ቤቴ ነኝ። በሩን ካልዘጋሽብኝ፣ መዶሻዬን ይዤ መጥቼ የበረንዳሽን ደረጃ አፍርሼ ዝቅ ያለ መውጫ እሠራለሁ፤ ዶርሲ እሁድ ዕለት እግሩን እየጎተተ ሲወጣው አይቼዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ