ስለ አልቫ የፈረምኩት ወረቀት

ፓልሚራ፣ ኒው ዮርክ
ማርች 11 ቀን 1834

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለሎቪና፤

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ጽሕፈትሽ ዛሬም ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል፤ ፊደል ከአሮጌ የዘመን መቁጠሪያ ላይ የለቀምኩት እኔ እንኳ ካንቺ እሻላለሁ። ባልሽ ሆሬስ ኦሃዮ ከገባችሁ ወዲህ ስንት ጊዜ ከፈረስ እንደወደቀም አልነገርሽኝም። ባለቤቴ ኤሌክታ ሰላም ብላሻለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። ለልጅሽ የሱፍ ካልሲ እየሠራች ነው፤ መጠኑን ሳየው ለጥጃ ይመስለኛል።

አንድ ገጽ ሙሉ እንዲህ ልቀልድ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ።

አዎ፣ ፈርሜአለሁ።

መከር ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ከእናንተ አገር መጥቶ ከኮረብታ ተቆፍረው ወጡ፣ አዲስ ቅዱስ መጽሐፍም ከእነሱ ተተረጎመ በተባሉት የወርቅ ሰሌዳዎች ባመኑት ጎረቤቶቻችን ላይ ቃለ መሐላ ይሰበስብ ነበር። የአባትሽ ስም በመጽሐፉ ላይ ከታተሙት ምስክሮች መካከል ባይኖርም፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር በሁለት እጄ አንስቻለሁ፣ ይከብዳል፣ ጠርዙም በጣቴ ተሰምቶኛል ብሎ ለሰው ሁሉ ስለተናገረ ስለ እሱም ጠየቀኝ። ወንድምህ ጠጠር ባርኔጣ ውስጥ ከትቶ፣ እሱን እያየ የጠፋ ነገር ይፈልግ ነበር ወይ አለኝ። ነበር አልኩት፤ እውነት ነው። የቀረውን ሰውየው ራሱ ጨመረበት፤ አልቫ ተላላ ነው፣ ቢምልም ሊታመን አይገባውም ብሎ ጻፈ። አንብቤው ነው የፈረምኩት።

ያንን ወረቀት ለአባትሽ ታሞ በተኛበት አንብበውለት፣ «ኦሪን ነው የፈረመው?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረና ከዚያ ወዲህ ቃል እንዳልተነፈሰ ጻፍሽልኝ። አጎቴ፣ አባቴ የማይታመን ሰው ነው ወይ፣ ለልጄስ ሲያድግ ምን ብዬ ልንገረው ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ጠጠሩን ያገኘነው እኔ ውሃ አለበት ባልኩት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ያወቅሁት በኮክ እንጨት ባላ ነበር። ባላውን በሁለት እጄ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጫፉ ወደ መሬት ሲያዘነብል ቆፍሩ እላለሁ። በዚህ ሰፈር ካሉት ጉድጓዶች ግማሹን ያሳየሁት እንዲያ ነው፤ አብረውኝ የፈረሙት ሰዎች ዛሬም ውሃውን ይጠጡታል። አልቫን ግን «ጠጠሯን አጥብቀህ እያት፣ ሚስት ታሳይህ እንደሆነ» እያልኩ አሾፍበት ነበር። እናትሽን ያገኛት ያለ ጠጠር ነው።

ልጃችን ቲርሳ ስትጠፋ አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር። በአልቫ ግቢ የሆነውን ግን ልጆችን ስላራቅን አላየሽም። የሜፕል ዛፍ ውሃ ቀድተን ስኳር የምናፈላበት ሰሞን ነው። ኤሌክታ እሳቱን ልትቆሰቁስ ጎንበስ ባለችበት ልጅቷ ከብረት ድስቱ አጠገብ ታጣች። አርባ ሰው ቀንድ እየነፋ ሁለት ቀን ጫካውን አሰሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኤሌክታ አባትሽ ቤት ገብታ ባርኔጣውን ከተሰቀለበት አውርዳ በእጁ ሰጠችው። በዚያ ጠጠር ስስቅ የኖርኩት እኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የትም ይሁን፣ አንድ ቦታ ብቻ ንገረኝ አልኩት።

ፊቱን ባርኔጣው ውስጥ ቀበረ። ቀና ሲል የባርኔጣው ጠርዝ ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር አውጥቶበት ነበር።

«ወንድሜ፣ ምንም አይታየኝም።»

«እንደገና እይ።»

እንደገና አየ። «የለም። አየሁ ብልህ ውሸት ይሆናል።»

ሎቪና፣ የአገራችንን ልማድ ታውቂያለሽ። ጠጠር የሚያይ ሰው የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ከመካከላችሁ አንዱ ቃል ስለተነፈሰ ነው፣ አስማቱ ፈረሰ ይላል፤ ማንም አይወቅሰውም። አልቫም ዛፍ ሥር ተኝታለች፣ ደህና ነች ቢል ኤሌክታ አንድ ቀን በዚያ ትጽናና ነበር። አላለም። በማግስቱ ልጄን ረግረጉ ውስጥ ሞታ ራሳችን አገኘናት።

ቢዋሸኝ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየምኩት ስላልዋሸኝ ነው። ሰውየው ብዕሩን ሲሰጠኝ የታየኝ ያ ቀይ መስመር ነበር፤ ፈርሜ ስወጣ እያፏጨሁ ነበር።

በመጽሐፉ አላምንም፤ አንቺንም እንደማምን አላታልልሽም። በጨርቁ ውስጥ የነበረው የጣራ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። አባትሽም ቢሆን ወርቅ ነው አላለም፤ ይከብዳል፣ ጠርዝ አለው ብቻ ነው ያለው። ይከብዳል ካለ ከብዶታል። ለልጅሽ ይህን ንገሪው።

ትናንት ዳኛ ቦስትዊክ ዘንድ ሄጄ ቃሌን ልለውጥ፣ እንደገና ልማል አልኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ኦሪን፣ በጠጠር የሚያይ ሰው መሐላው ዋጋ የለውም ብለህ ፈርመሃል። የእኔን ጉድጓድ በባላ ያሳየኸኝ ማን ነው? ታዲያ ያንተን መሐላ በምን ልቀበለው?» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ደጃፉ ላይ ደርሼ ፈረሴን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ስለዚህ ማኅተም ያለው ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ይኸው ነው። በግራ ጆሮው በኩል ሆነሽ አንብቢለት፤ ቀኙ አይሰማም። ስለ ቲርሳ የጻፍኩትን ቀስ ብለሽ አንብቢው። መልስ እንዲሰጠኝ አታስጨንቂው።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ሆሬስንም ፈረሱ ላይ ያቆይልሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የፖስታ ቤታችን ሹም ቻውንሲ የሰው ደብዳቤ ማሸጊያ ሰም ሳያይ አያሳልፍም፤ የመርዶ ምልክት የሆነውን ጥቁር ሰም ካየ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ለመንደሩ ሁሉ ይነግራል። ስትመልሺልኝ የሆነው ሁሉ ቢሆን በቀይ ሰም አሽጊው። ቤቴ ይዤው እስክገባ ድረስ ቀይ ይሁንልኝ።

አጎትሽ ኦሪን