ጣት ለማየት ፈቃድ ስለጠየቀችው ሠራተኛዎ

ለእህል ማከማቻ ድርጅታችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት፣ ዳንግላ

ጉዳዩ፦ በስብሰባ ላይ ለተነሱ ጥያቄዎች ዘግይቶ የተሰጠ መልስ

እጅግ የማከብርዎ አለቃዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ እንዴት ከርሟል? የደም ግፊትዎስ? ዝናብ ሲመጣ የሚቀሰቀስብዎ ጉልበትዎስ? ሕመሞችዎን በየስብሰባው መክፈቻ በዝርዝር ስለሚያስረዱን እንደ ሥራ ባልደረቦቻችን እናውቃቸዋለን፤ ለሁሉም ምሕረት ያውርድልዎ እላለሁ። እኔ የእህል ጥራት መርማሪዋ ደብሪቱ ደህና ነኝ። ደህና የሆንኩት ጣት በማየት ነው። ጥያቄዎችዎን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስላቀረቡልኝ መልሱንም ሁሉም በሚያነበው ቦታ ማቅረብ ከእርስዎ የተማርኩት ሥርዓት መሆኑን ይወቁልኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስታውስ። አምና ክረምት ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ ከመናኸሪያ ወደ ቢሮ በጋሼ አበረ ጋሪ እየሄድኩ ነበር። ጋሼ አበረ ሠፈራችን የሚያውቃቸው ባለጋሪ ናቸው፤ ፈረሳቸው ቦራ ይባል ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ነበረው። የመንገዶቹ መጋጠሚያ ላይ ስንደርስ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ከጎናችን ካለው ቁልቁለት ወርዶ ፈረሱን ገጨው፤ ጋሪው ተገለበጠ። የጋሼ አበረ እግር ተሰበረ። እኔ ጭቃው ላይ ተጥዬ ስነሳ ጭረት እንኳ አልነበረብኝም። ቦራ ግን ወዲያው አልሞተም፤ አስፋልቱን በኮቴው ይመታ ነበር። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል፤ ራሴን የማላውቃቸው ሰዎች ሱቅ ውስጥ አገኘዋለሁ። ዳንግላ ላይ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሳይሰሙ ለመዋል መሞከር ደግሞ በሐምሌ ጭቃ ሳይረግጡ ለመዋል እንደመሞከር ነው። በጓሮ በጓሮ እየተሽሎከለኩ ቢሮ እገባ ጀመር። ጥሊሊና ግምጃ ቤት ወደሚባሉት ከተሞች ወርጄ እህል መመርመሩንም ተውኩት። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ። በዚያ ሰሞን በተደረገው የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሲናገሩ፣ ጠረጴዛውን በእስክርቢቶዎ እየመቱ ነበር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እርስዎ እስክርቢቶ ይሰማሉ፤ እኔ ቦራን እሰማለሁ። ተነስቼ ወጣሁና አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ስብሰባ ረግጦ በመውጣት የሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ በእነዚያ ወራት ስለ ሕመሜ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘሁት ብቸኛው ምላሽ ስለሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ። ቢሮዎ ገብቼ እንቅልፍ እንዳጣሁ ስነግርዎት፣ “የሞተው ፈረሱ ነው፤ አንቺ ምን ሆንሽ? ይልቅ አመስግኚ፤ ጊዜ ይፈታዋል” ብለው አጽናንተውኛል። አመስግኜ ነበር። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ስሜ ነበር የምመጣው፤ የምሄደውም ኮቴ በማይሰማበት በኋላ በር ነበር።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። እንጅባራ የምትኖር አክስቴ፣ እዚያው ከተማ ካሳነሽ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳለች ነገረችኝ። ባለሙያዋ ኢኤምዲአር የሚሉትን ሕክምና ትሰጣለች፤ ታካሚው ያን ክፉ ቀን እያሰበ የባለሙያዋን እጅ ወዲያና ወዲህ በዓይኑ የሚከተልበት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንድሄድ ፈቃድ ብጠይቅዎ፣ በሠራተኛው መካከል አመልካች ጣትዎን አፍንጫዬ ሥር አምጥተው፣ “ጣት በማየት የሚድን ሕመም ካለ እኔም ጣት አለኝ፤ መኪና ሳትሳፈሪ እዚሁ ላክምሽ” አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፈቃዱን የሰጡኝ ሳይሆን ሳይከለክሉ ዝም ያሉኝም፣ ከዓመት ዕረፍቴ ላይ ይቀነስ ብዬ በጽሑፍ ሳቀርብ ነው።

ጣትዎ ግን ለምን እንዳላዳነኝ አሁን ማስረዳት እችላለሁ። ካሳነሽ ጣቷን ያነሳችው ወዲያው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሐሙሶች ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጤናዬ፣ ከዚያ ቀን በፊት ስላሳለፍኩት ኑሮ ጠየቀችኝ፤ ሰማችኝ። ቀጥላ ሲጨንቀኝ በሐሳቤ የምሄድበት ሰላማዊ ቦታ እንድመርጥ አደረገች፤ የዘንገና ሐይቅን ዳርቻ መረጥኩ። “በቃኝ ማለት ከፈለግሽ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው አቆማለሁ” አለችኝ። በዚህ መሥሪያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እጄን ሳነሳ የሚያቆም ሰው ስላልገጠመኝ መጀመሪያ አላመንኳትም ነበር። አንድ ጊዜ አነሳሁ። ቆመች።

ከዚያ በኋላ ከትዝታው የባሰብኝን ምስል ጠየቀችኝ፤ ኮቴውን ነገርኳት። ምስሉ ሲመጣ ስለ ራሴ የማምነውን ስትጠይቀኝ “አሁንም አላመለጥኩም” አልኩ። የት የሰውነት ክፍልሽ ላይ ይሰማሻል ስትለኝ ጉሮሮዬን አሳየሁ። ያኔ ነው እጇ የተንቀሳቀሰው። ዓይኔ ይከተላል፤ ትቆማለች፤ “አሁን ምን መጣ?” ትለኛለች፤ የመጣውን እናገራለሁ፤ እንደገና እንቀጥላለን። የሚመጣው ደግሞ ይገርማል፤ የጭቃው ሽታ፣ ጫማዬ ከእግሬ መውለቁ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት በነጠላዋ ፊቴን ስትጠርግልኝ። ያችን ሴት እስከዚያ ቀን ድረስ ፈጽሞ ረስቻት ነበር። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ካሳነሽ መሐረብ ሰጠችኝ።

አራተኛ። “አስተኝተው የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር እንዳያስለፈልፉሽ” ብለው ስለ ድርጅቱ ደኅንነት ላሳዩት ስጋት አመሰግናለሁ። ያስተኛኝ የለም። ዓይኔ ተከፍቶ፣ ያለሁበትን እያወቅሁ ነው የታከምኩት፤ መናገር ያልፈለግሁትን እንድናገርም አልተገደድኩም። የመሥሪያ ቤታችን ምስጢር ደግሞ በየጠጅ ቤቱ የሚታወቅ ስለሆነ እንጅባራ ድረስ ሄደው የሚፈልጉት አይመስለኝም።

አምስተኛ። የካሳነሽን እጅ በዓይኔ ከተከተልኩበት ከመጀመሪያው ሐሙስ በኋላ በነበረው ሳምንት ፊቴ ገርጥቶ አይተው፣ “አላልኩሽም? ጭራሽ አባሰብሽ” ብለውኛል። ልክ ነበሩ፤ ብሶብኝ ነበር። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ሕልሜ ሁሉ ፈረስ ነበር። ካሳነሽ ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማ ነግራኛለች፤ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንደማይድን፣ የማይስማማውም ሰው እንዳለ አልሸሸገችኝም። ለምን እንደሚሠራ ብጠይቃት እንኳ፣ “ባለሙያዎቹም ገና ይከራከሩበታል” አለችኝ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ማየት ለእኛ ብርቅ ስለሆነብን ይህ ራሱ ግማሽ ሕክምና ሆኖልኛል።

ቀስ በቀስ ምስሉ ራቀ። አልጠፋም፤ ቦራን ሳስብ ዛሬም አዝናለሁ። ነገር ግን ያ ቀን በየማለዳው አዲስ ሆኖ መምጣቱን ተወ፤ አምና የሆነ ነገር ሆነ። “አሁንም አላመለጥኩም” ያልኩበት ቦታ ላይ “አልፏል፤ እዚህ አለሁ” የሚል ቃል ገባ። ካሳነሽ አላስገባችውም፤ ራሱ መጣ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ አበረን ፈልጌ ሄድኩ። ከአደጋው ወዲህ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ትንሽ ያነክሳሉ፤ ዘመድ ወዳጅ ተረዳድቶ ባዝራ ገዝተዋል። ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“እኔ እኮ ተቀይማኛለች ብዬ ነው ደጅሽ ያልመጣሁ” አሉ።

“እኔ ደግሞ ኮቴ ፈርቼ ነው” አልኳቸው።

“እኔም ለብዙ ጊዜ ልጓም መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ነይ እንግዲህ ጋሪው ላይ ውጪ፤ ካልሆነልሽ እንመለሳለን።”

ወጣሁ። ባዝራዋን በአካባቢው ቋንቋ በአውኝኛ እያባበሉ በቀስታ ነዱ። መጋጠሚያው ጋ ስንደርስ የጋሪውን ጠርዝ ጨበጥኩ፤ ጋሼ አበረም እንደጨበጡ አየሁ። አብረን አለፍነው። ከዚያ ወዲያ ኮቴው ኮቴ ብቻ ነበር።

ቢሮው በር ላይ ስወርድ እርስዎ ቆመው ነበር። “ይኸው፤ ጊዜ ይፈታዋል አላልኩሽም?” አሉኝ። ለጊዜ ስለሰጡት ምስክርነት ጊዜን ወክዬ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ነገ ሌላ ሠራተኛ፣ አጥንቱ ሳይሰበር የተሰበረ፣ ቢሮዎ ቢገባ፣ ፈቃዱን ይፈርሙለትና ጣትዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩለት።

ሐሙስ ሐሙስ ቢሮ ባለመገኘቴ ላደረስኩት የማይተካ ጉዳት ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ደረጃዎን ከፍ፣ ጉልበትዎን ጠንካራ፣ ጆሮዎንም ሰሚ እንዲያደርግልዎ ዘወትር የምመኝ፣
ታዛዥዎ ደብሪቱ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ሰኞ “ለአንድ ዘመዴ ነው፤ በመካከላችን ይቅር” ብለው የጠየቁኝን የካሳነሽን ስልክ ቁጥር ልኬልዎታለሁ። ዘመድዎ ራሳቸው ቢደውሉ ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ቢከብዳቸው እንዳይደነግጡ ይንገሯቸው፤ እኔም ስለ እሳቸው ለማንም ትንፍሽ አልልም። ፈቃድ የሚጠይቁት አለቃ ደግ ሰው እንዲሆንላቸው ብቻ እጸልያለሁ።