የነጂባ አሲድ

ውድ ነጂባ፣

ውጤቱ መጣ። የሞለኪውሉን አሠራር ለሚያሳየው ለኤንኤምአር ምርመራ አዲስ አበባ ከላክናቸው ናሙናዎች ሁሉ የአንቺው ጥርት ብሎ ወጥቷል። አማካሪያችን ዶክተር ዕንባቆም ወረቀቱን ደጋግመው አዩትና፣ «የካርቦን ቀለበቱ ድኙ ላይ በትክክል ገብቶላታል» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የምነግረው ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ለአንቺው ጻፍኩ።

ያንን ድኝ ያለበትን አሲድ ይዘን ስንለፋ የከረምነው ትዝ አለኝ። በሞከርን ቁጥር ቢጫ ሙጫ ነበር የሚወጣልን። ከላብራቶሪ ወጥተን ባጃጅ ስንሳፈር የድኙ ሽታ ልብሳችን ላይ ቀርቶ ሾፌሩ አፍንጫውን ይዞ፣ «እህቶቼ፣ እንቁላል ተሰብሮባችኋል እንዴ?» ሲለን፣ «ገና እየታቀፍነው ነው!» ብለሽ እንባ እስኪወጣን አሳቅሽን።

ተፈለፈለልሽም። ፍላስኩን በረዶ ውስጥ አስቀምጠሽ ሌላ አሲድ በጠብታ ጨመርሽበትና፣ «ጣቢታ፣ ነይ! ወረደልን!» ብለሽ ጮኽሽ። ነጩ ዱቄት ከታች ዘቅጦ አየሁ። አንቺ ግን ጠረጴዛውን ተደግፈሽ ታለከልኪ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ደስታ ነው» አልሽኝ። አመንኩሽ። ደረጃው ላይ ስትቆሚም «ውፍረት ነው» ትይኝ ነበር፤ አመንኩሽ። ልብሽን እንደሚያምሽ የሰማሁት እናንተ ቤት ቦኖሻ፣ ለቅሶሽ ላይ ነው።

እናትሽን ላቅፋቸው ስጠጋ ገፈተሩኝ። «የምትቀምሙት መርዝ ነው ልጄን የበላት! አንቺ እንዴት ተረፍሽ?» አሉኝ በሰው ፊት። ሐኪሙ የወሰደሽ የልብ ሕመም ነው ማለቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት አባትሽ ክንዴን ይዘው ከድንኳኑ አወጡኝ።

«ልጄ፣ አትመልሺላት» አሉኝ።

«አባባ፣ ኬሚካሉ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል። ከልጅነቷ ነው፤ በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልቧን ጎድቶት ኖሯል።» ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አዩ። «ያኔ እኔ ለንግድ ወጥቼ ነበር። ጉሮሮዋን ሲያማት ቅጠል ጨምቃ ያጠጣቻት፣ ተሻላት ብላ ሐኪም ቤት ያልወሰደቻት እናቷ ናት። ይህን ካወቀች አብራት ትቀበራለች። የምትጠላው ነገር ይኑራት፣ ልጄ። ቻይልኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርነው አንድን ነገር ምን እንደሆነ በማስረጃ ማረጋገጥ ነበር። ማስረጃው አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ነጂባ፣ መራራ ነው። ሰዎች «ጓደኛዋን ያስጨረሰች» ብለው ሲያዩኝ ቀና ብዬ አልመልስም። ግን አንቺን በማጣቴ ላይ የእናትሽን ፊት ማጣት ተጨመረብኝ፤ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ጥናቱ ሲታተም ስምሽ ከስሜ ይቀድማል፤ ዶክተርም ተስማምተዋል።

ባለፈው ጁምዓ እንደገና ቦኖሻ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሰላም አልኩ፤ እናትሽ አልመለሱልኝም። ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ «ፀሐይ ላይ አትቁም፤ ወንበር አውጡላት።»

ወንበሩ ደጁ ላይ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ወጣልኝ። እሳቸው አልመጡም። እኔም ሳልናገር ተቀምጬ ዋልኩ። በሚቀጥለው ጁምዓም እሄዳለሁ።

ጣቢታሽ
ሆሳዕና