የአባትህ ፊርማ

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህም ለተናደድኩብህም ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ናፍቆትህ አስነበበኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲገባኝ ብዬ ነው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ግን ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ ይግባኙን ተይው» ትለኛለህ። አንተ ያለህበት አገርም እንዲህ ከክስ የሚከልል ሕግ አለ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ሥራ ያላቆመ ድርጅትና ሐኪም ሁሉ ቢከሰስ ኖሮ ማን በሩን ይከፍት ነበር ትላለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ በቁጥር ለይተህ ጽፈህልኛል። እኔ ደንበኛህ ነኝ እንዴ? የሞተው እኮ አባትህ ነው። ሆስፒታሎች ጠበቃ አድርገው ቀጥረውህ ደብዳቤ ትጽፍላቸዋለህ፤ ሥራህ ነው፣ አልቀየምህም። ለእናትህ ግን በዚያው ቋንቋ አትጻፍላት።

አባትህ በሠራበት ድርጅት ላይ ያቀረብኩት ይግባኝ የሚሰማው ሐሙስ ጠዋት ነው። እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልህ ፈቃድህን ለመጠየቅ አይደለም፤ እዚያ ቆሜ የምናገረውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው።

አባትህ ምን ይሠራ እንደነበር ሩቅ ሆነህ የዘነጋኸው ይመስለኛል። ልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ውስጥ፣ ከሆስፒታል የሚመጣውን አንሶላ ተቀብሎ የሚለየው እሱ ነበር። የዚያ በሽታ ታማሚዎች አንሶላ ለብቻው በቀይ ፕላስቲክ ታስሮ መምጣት ነበረበት። በሁለተኛው ሳምንት ቀዩ ፕላስቲክ አለቀ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅጥቆ ይመጣ ጀመር። አባትህ ጆንያውን ፈትቶ አንሶላውን በአንድ በኩል፣ የትራስ ልብሱን በሌላ በኩል በእጁ ይለያል። ጓንት በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጣቸው። ቤት አምጥቶ በሳሙና ያጥበውና ከካልሲው ጎን ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅለዋል። አንድ ቀን የጓንቱ ጣት ተቀዶ አየሁና በመርፌ ልሰፋው ስል ሳቀብኝ። «ሸሚዝ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሰሞን ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ያቆምና መስታወቱን አንድ ጣት የምታህል ዝቅ አድርጎ፣ «በርቱ፣ እናንተ ጀግኖች ናችሁ» ይላል። ከዚያ መስታወቱን ይዘጋል። ጀግና ከሚላቸው ጓንት ቢሰጣቸው ምን ነበረበት?

የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ውሳኔውን ሲያነቡ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። «በወረርሽኙ ጊዜ በቅን ልቦና ሥራውን የቀጠለና አደጋውን ለሠራተኞቹ ያሳወቀ ድርጅት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ አይሆንም» አሉ። ቅን ልቦና! ያ ሰውዬ በአንድ ጣት ክፍተት ሲያናግራቸው የከረመው በቅን ልቦና ነው? በራሱ ላይ መስታወት ዘግቶ የሰው እጅ ጆንያ ውስጥ የሚከት ልብ፣ ቅንነቱን በምን ለኩት? ቃሉ ራሱ አሳዘነኝ። ደህና ቃል ነበር፤ እነሱ እጅ ገብቶ ተበላሸ።

ሕግ አይገባሽም እንዳትለኝ። በዚያው በሽታ በተኛባቸው በመጨረሻዎቹ ቀናት አባትህን ያስታመመችውን ነርስ አልረሳኋትም። ለስንት በሽተኛ ብቻዋን ስትሯሯጥ ውላ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛ እኔን ያሰማችው እሷ ናት። አንድ መድኃኒት ዘግይታበት ቢሆን፣ አንድ ነገር ተሳስታ ቢሆን፣ ማንም እንዳይነካት እኔ ራሴ በሯ ላይ እቆም ነበር። ሕጉ ለእሷ ይገባታል። የሚያንገበግበኝ ለእሷ በተዘረጋ ጃንጥላ ሥር ያ ሰውዬ ከነመኪናው መግባቱ ነው። አንተም ቦታ ታመቻችለታለህ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ድርጅቱ አደጋውን አሳውቄዋለሁ የሚለው በአንድ ወረቀት ነው። «የበሽታው አደጋ ተነግሮኝ፣ ተረድቼና ፈቅጄ እሠራለሁ፤ ለሚደርስብኝም ድርጅቱን አልጠይቅም» ይላል። ከታች የአባትህ ፊርማ አለበት። የድርጅቱ ጠበቃ አጠገቤ ድረስ ይዞት መጣና፣ «ይህ የባለቤትዎ ፊርማ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ ከመናገሬ በፊት ምዬ ነበር፣ «አዎ፣ የእሱ ነው» አልኩ።

ያንን ፊርማ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አትደንግጥ። የአባትህን እጅ ታውቀዋለህ፤ ማሽን እንጂ ብዕር አይወድም። የጋብቻችን ወረቀት ላይ የፈረመው ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ የተመዘገብንበት ቢሮ ጸሐፊ ስትስቅበት አይቶ ጆሮው ቀላ። ቤት ስንገባ ቁጭ ብዬ ከሥሩ ጭራ ያላት አንዲት ቆንጆ ፊርማ አወጣሁለት። ሊለማመዳት ሞከረና ሰለቸው። «አንቺው ፈርሚልኝ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ትመስይኛለሽ» አለ። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ውሉ ላይ፣ የመብራቱ ላይ፣ የሁሉም ላይ እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ካርድህ ላይ ያለውስ የማን መሰለህ? ሒሳብ ወድቀህ «አባዬ እንዳያይ» ብለህ የለመንከኝ ጊዜ ማን ፈረመልህ? ሠላሳ ዓመት እንዲያ ስለኖርን፣ ያ ጠበቃ ሲጠይቀኝ የአባትህ ፊርማ ያው የአባትህ ፊርማ ነበር። ምን እንዳልኩ የገባኝ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። እዚያው መቀመጫው ላይ ቀረሁ፤ ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ።

በማግሥቱ ለጠበቃችን ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማማ፣ ፊርማው የእሳቸው ካልሆነ ወረቀቱ ይወድቃል። ወረቀቱ ሲወድቅ አሳውቀናል ያሉትም ይወድቃል» አለችኝ። «ግን እርስዎንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። በሰው ስም ፈርመዋል፤ ምለውም ሌላ ተናግረዋል። ሊከሰሱ ይችላሉ። እኔ ደግሞ ከሰማሁ ወዲያ እንዳልሰማ መሆን አልችልም። ወይ ቃልዎን ያርሙ፣ ወይ ይግባኙን ያንሱ።»

አየህ፣ ሳታውቀው «ተይው» ያልከኝ ምን እንደሆነ? ይግባኙን ባነሳ ማንም አይነካኝም። ያ ወረቀት ግን አባትህ ራሱ አውቆና ፈቅዶ ሞተ እያለ መዝገብ ቤት ውስጥ ይኖራል። አላደርገውም። በዚህ ዕድሜዬ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ።

ለጠበቃችንም ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለአንተ ጽፌው ካልወጣልኝ ሐሙስ አፌ ላይ የሚመጣልኝ አይመስለኝም።

አባትህ ወረቀቱን ያመጣው ለምሳ ሲመጣ ነው። ከሰዓት ፈርሞ ያልመለሰ ነገ እንዳይመጣ ተብለዋል። እሱ እንደ ልማዱ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ እኔ ወረቀቱን ይዣለሁ። መዝገብ ቤት ስንት ዓመት እንደሠራሁ ታውቃለህ፤ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም። አነበብኩት። እንደገናም አነበብኩት። ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል። ላንብብለት ብዬ ነበር። ካነበብኩለት እንደማይፈርም አውቃለሁ፤ በእንዲህ ያለ ነገር ግትር ነበር። ካልፈረመ ደግሞ ሥራው ቀረ። አንተ የትምህርትህ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበርክ፤ ክፍያህ ከዚያ ደሞዝ ነበር።

«ምን ይላል?» አለኝ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«የተለመደው ነው» አልኩት።

«በይ እንግዲያ ፈርሚው፣ እጄ እርጥብ ነው» አለ።

ሐሙስ የምናገረው ይህን ነው። ድርጅቱ አልነገረውም፤ ወረቀት አስይዞ ወደ ቤት ሰደደው። ቤት ውስጥ ያለችውም ሚስቱ አልነገረችውም። እነሱን የሚከልል ሕግ ወጥቶላቸዋል። እኔን የሚከልል አልወጣም፤ ቢወጣም አልገባበትም።

አሁንም ተናድጄብሃለሁ፤ ከአንተ ይልቅ ግን የተናደድኩበት ሰው አለ። ጤናህን ጠብቅ፣ ምግብ ቆሞ አትብላ። ክፉ አይንካህ። «ምን ይላል?» ብለህ ስትጠይቅ እውነቱን የሚነግርህ ሰው አምላክ አያሳጣህ።

እናትህ